የያዕቆብ ዘር፦ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ እና የነቢያት ምስክርነት

ዘርዐ ያዕቆብ ማለት የያዕቆብ ዘር ማለት ነው። ያዕቆብም እስራኤል የተባለው አባት ነውና ይህን ስም ለልጃቸው ያወጡት ዐፄ ዳዊት ልጃቸውን ከእስራኤል ወገን መቍጠራቸው ነበር። በክብረ ነገሥት ትምህርት ያደጉት ነገሥታቶቻችን የዳዊትና የሰሎሞን ልጆች ነን ብለው ያምኑ ስለ ነበር በስሙ የሚያስደንቅ ነገር አልነበረም። የሚያስደንቀው ሌላ ነው። ይኸውም የያዕቆብ ዘር ተብለው የተጠሩት ንጉሥ በስማቸው በሚታወቁት መጻሕፍት ውስጥ ባላጋራቸውን ሲወቅሱ ከሁሉ የከበደ አድርገው የሚጠቀሙበት ቃል አይሁዳዊ የሚለው መሆኑ ነው።

ስለ እኒህ ንጉሥ ግሼን ማርያምን የተሳለመ፣ ተአምረ ማርያም ሲነበብ ቆሞ የሰማ ሁሉ ጥቂት ያውቃል። በዚህ ጽሑፍ ግን ከሕይወታቸው ብዙ ጊዜ የማይነገረውን ወገን ለመተረክ እንሞክራለን። እርሱም የዕብራውያን ነቢያት የተናገሩለት መሲሕ መጥቷል ወይስ ገና ይመጣል በሚለው ክርክር ውስጥ የነበራቸው ድርሻ ነው። ዓመታቱ ለአንባቢ እንዲመቹ ሁሉም በአውሮፓውያን አቈጣጠር ተጽፈዋል።

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1399 በፈጠጋር ምድር ጥልቅ በተባለ ስፍራ ከዐፄ ዳዊትና ከንግሥት እግዚእ ክብራ ተወለዱ። እናታቸው ከእርሳቸው በፊት የወለደችው ልጅ ሞቶባት ስለ ነበር ወደ እመቤታችን በብርቱ ልመና ትማጸን ነበር ይባላል። ንጉሡ ዕድሜያቸውን ሁሉ ለእመቤታችን የነበራቸው ፍቅር ከዚህ የተነሣ ነው የሚሉ አሉ። ስለ ልጅነታቸው ሁለት ዓይነት ትረካ አለ። አንደኛው ከወንድማቸው ቅናት ለማዳን ወደ ትግራይ በስውር ተወስደው በአክሱምና በደብረ ዓባይ ገዳም ተማሩ ይላል። ሁለተኛው የነገሥታት ልጆች በሚጠበቁበት በአምባ ግሼን ታስረው እንደ ኖሩ ይናገራል። ያም ሆነ ይህ በ1434 በሠላሳ አምስት ዓመታቸው ወደ ዙፋን የመጡት ሰው መጻሕፍትን የጠገቡ፣ ከጦር አዝማችነት ይልቅ ወደ መምህርነት የሚያደሉ ነበሩ። በ1436 በአክሱም ጽዮን በአባቶቻቸው ሥርዐት ተቀብተው ነገሡ፤ ስመ መንግሥታቸውም ቈስጠንጢኖስ ተባለ። የሮሙ ቈስጠንጢኖስ የኒቅያን ጉባኤ እንደ ሰበሰበ እርሳቸውም ሃይማኖትን በጉባኤ ሊያጸኑ እንዳሰቡ ከስሙ ምርጫ መገመት ይቻላል።

የጦርነቱንና የመንግሥቱን ነገር በአጭሩ እንለፈው። በ1445 የአዳልን ሱልጣን በድላይን በጎሚት ድል አደረጉ። በግብፅ የነበረችው የደብረ ምጥማቅ ቤተ ክርስቲያን መፍረሷን ከእስክንድርያው ፓትርያርክ በሰሙ ጊዜ በስሟ በተጉለት አዲስ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት መነኮሳቶቻችን የተላኩ መልእክተኞች በ1441 በፍሎሬንስ ጉባኤ ፊት የቀረቡት በእርሳቸው ዘመን ነው። የሀገራችን ስም በሩቅ ዓለም የተሰማበት ዘመን ነበር ማለት ነው።

በሀገር ውስጥ ግን ከባዱ ጥያቄ የሰንበት ነገር ነበር። ከመቶ ዓመት በፊት አባ ኤዎስጣቴዎስ ቅዳሜና እሑድ ሁለቱም ሰንበታት ይከበሩ ብለው ስላስተማሩ ተሰደው በአርመን ምድር በ1352 ዐርፈው ነበር። ከእስክንድርያ የሚመጡት ጳጳሳት ቅዳሜን ማክበር ወደ አይሁድነት መመለስ ነው ብለው ይከለክሉ ነበር። የኤዎስጣቴዎስ ልጆች ግን ዐሥርቱን ቃላት የሰጠ አምላክ አራተኛውን ቃል አልሻረም ብለው ጸኑ። ዐፄ ዳዊት በ1404 የማክበር ፈቃድ ሰጧቸው፤ ጠቡ ግን አልበረደም። በመጨረሻ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ አደረጉ። በ1438 ከግብፅ የመጡት ሁለቱ ጳጳሳት አቡነ ሚካኤልና አቡነ ገብርኤልም ሁለቱ ሰንበታት እንዲከበሩ ተስማሙ።

አንባቢ ይህን ልብ ይበል። በእስክንድርያ ዓይን ሲታይ አይሁዳዊ መስሎ የተገኘው የእኛው ንጉሥ ነበር። ቅዳሜን ያከብራል፤ ልጁን በስምንተኛው ቀን ይገርዛል፤ ኦሪት ርኩስ ያለችውን ሥጋ አይበላም፤ በቤተ መቅደሱ የታቦት ምሳሌ ያኖራል፤ ዘሩን ከሰሎሞን ይቈጥራል። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሰው ከአይሁዳዊ የሚለየው ምንድር ነው? ለሮማዊው ወይም ለግብፃዊው ክርስቲያን መልሱ ብዙ ነው፤ ምግቡም ቀኑም ሥርዐቱም የተለየ ነውና። ለኢትዮጵያዊው ግን መልሱ ወደ አንድ ነጥብ ይጠባል። ነቢያት የተስፋ ቃል የሰጡለት እርሱ መጥቷል ብሎ ማመኑ ብቻ ነው። ስለዚህ በሌላው ዓለም ከብዙ ክርክሮች አንዱ የነበረው የነቢያት ነገር በእኛ ሀገር የህልውና ጥያቄ ነበር ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም። ንጉሡ ቅዳሜን በሙሉ ልብ ለማክበር መሲሑ መወለዱን ከማንም ይልቅ አጥብቀው ማስረዳት ነበረባቸው።

ይህን ያደረጉበት ዋናው መጽሐፍ መጽሐፈ ሚላድ ይባላል። ሚላድ ከዐረብኛ የመጣ ቃል ሆኖ ልደት ማለት ነው። ንጉሡ የጌታችን ልደት በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ወር በገባ በ29 ቀን ሁሉ እንዲታሰብ አዝዘው ነበርና መጽሐፉ ለዚህ መታሰቢያ የሚሆን ንባብ ነው። በውስጡም ስለ ክርስቶስ የተነገሩት ትንቢቶች ከኦሪት፣ ከመዝሙር፣ ከነቢያት እየተለቀሙ ቀርበዋል። በነቢያት ምስክርነት መከራከር ለኢትዮጵያ አዲስ አልነበረም፤ ክብረ ነገሥትም ወደ ፍጻሜው ሲደርስ የክርስቶስን መምጣት፣ መሰቀሉንና መነሣቱን ከነቢያት ያስረዳል። እንዲያውም ነገሩን ወደ መነሻው ከመለስነው ነቢዩ ኢሳይያስ ስለ ራሱ ነው ወይስ ስለ ሌላ የተናገረው ብሎ በሠረገላው ላይ ሳለ ፊልጶስን የጠየቀው የእኛው ጃንደረባ ነው። ያነበው የነበረውም እንደ በግ ለመታረድ ስለ ተነዳው አገልጋይ የሚናገረውን ክፍል ነበር። አይሁድ ዛሬም ያ አገልጋይ መከራ የተቀበለው የእስራኤል ሕዝብ ነው ብለው ይተረጕማሉ።

የመጽሐፈ ሚላድ ጠባይ የረጋ ትምህርት አይደለም። ተከራካሪውን በፊቱ እንደ ቆመ አድርጎ የሚገሥጽ፣ የሚጠይቅ፣ ደግሞም ራሱ የሚመልስ ጽሑፍ ነው። ከዋና ምስክሮቹም አንዱ መጽሐፈ ሄኖክ ነው። ከዘመናት በፊት ስሙ የተጠራ፣ በክብሩ ዙፋን ተቀምጦ የሚፈርድ የሰው ልጅ በሄኖክ መጽሐፍ ተጽፎ ይገኛልና ንጉሡ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምስክር ከየት ይመጣል የሚል አሳብ ነበራቸው። በዚያን ዘመን በሌላው ዓለም መጽሐፉ በሙላት ጠፍቶ ነበር። ጄምስ ብሩስ ቅጂዎቹን ከጎንደር ወደ አውሮፓ ያደረሰው በ1773 ነው።

በዚህ ላይ የዛሬው ዕውቀት አንድ የሚደግፍ አንድ የሚያስጠነቅቅ ነገር ይሰጠናል። ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች ከተገኙት ብራናዎች መካከል የሄኖክ መጽሐፍ በአራማይክ ቋንቋ ተቈራርጦ ተገኝቷል። ስለዚህ ሄኖክ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአይሁድ እጅ የነበረ፣ አይሁድ ያነበቡት መጽሐፍ ለመሆኑ ጥርጥር የለም፤ ንጉሡ በዚህ ረገድ ከብዙ የአውሮፓ ሊቃውንት ቀድመው እውነተኛውን ይዘው ነበር። ነገር ግን የሰው ልጅ ነገር በሰፊው የሚነገርበት ከምዕራፍ 37 እስከ 71 ያለው ክፍል በቁምራን ከተገኙት ቍርጥራጮች አንዱም የለበትም። ሊቃውንት ይህ ክፍል መቼ ተጻፈ በሚለው ላይ ይከራከራሉ። ከአይሁዳዊ ጋር በሄኖክ የሚከራከር ሰው ይህን ሳያውቅ ቢነሣ ያፍራል።

አሁን ወደ ሌላው ዓለም ዞር እንበል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳሉ፣ በ1413 በእስፓንያ ቶርቶሳ በተባለች ከተማ ስለዚሁ ጉዳይ ታላቅ ክርክር ተጀምሮ እስከ 1414 ቆይቶ ነበር። የአይሁድ መምህራን በግድ ተጠርተው መሲሑ መምጣቱን እንዲያምኑ ይሞገቱ ነበር። ከዚያም አስቀድሞ በ1263 በባርሴሎና ከተማ በአራጎን ንጉሥ በያዕቆብ ፊት ራቢ ሙሴ ወልደ ናሕማን የተባሉት ታላቅ ሊቅ ቀርበው ነበር። የእርሳቸው ጽኑ መከራከሪያ አጭር ነው። ነቢያት መሲሑ ሲመጣ ሰይፍ ማረሻ ይሆናል፣ ሕዝብም በሕዝብ ላይ ጦር አያነሣም ብለዋል፤ ዓለም ግን ከኢየሱስ ዘመን ጀምሮ እስከ ዛሬ በግፍና በጦርነት የተሞላች ናት የሚል ነው። ቤተ ክርስቲያን ለዚህ የምትሰጠው መልስ ጥንታዊ ነው። በሁለተኛው መቶ ዓመት ዮስጢኖስ ሰማዕት ትሪፎን ከተባለ አይሁዳዊ ጋር ባደረገው ውይይት የመሲሑ ምጽአት ሁለት መሆኑን፣ ፊተኛው በትሕትና ኋለኛው በክብር መሆኑን አስረድቷል። የሰይፍና የማረሻው ትንቢት በዳግም ምጽአት ይፈጸማል ማለት ነው። አይሁዳዊው ደግሞ ሁለት ጊዜ ይመጣል የሚል ቃል በነቢያት የት አለ ብሎ ይጠይቃል። ክርክሩ እዚህ ላይ ሲደርስ ከመጻሕፍት ወደ እምነት ያልፋል። ራቢው ግን የንግግር ነጻነት ተሰጥቷቸው የተናገሩት ነገር በኋላ ክስ ሆኖባቸው ሀገራቸውን ለቅቀው በ1267 ወደ ኢየሩሳሌም ተሰደዱ።

በእስፓንያ ጠቡ ብዙ ጊዜ በዕብራይስጡ ቃል ላይ ነበር። በኢትዮጵያ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። ቤተ እስራኤል ኦሪትንና ነቢያትን የሚያነቡት እንደ ክርስቲያኑ በግእዝ ነበር፤ የሚያነቡትም ትርጉም ከእኛው ብዙም የማይለይ ነው። መጽሐፈ ኩፋሌም በእነርሱም በእኛም ዘንድ የተከበረ ነው። ግእዙ ደግሞ የተተረጐመው ሰብዓ ሊቃናት ካዘጋጁት ከጽርዑ ነው። ስለዚህ በኢሳይያስ ምዕራፍ 7 ዐማኑኤልን የምትወልደው በዕብራይስጡ ዐልማ ስትባል፣ ይኸውም ወጣት ሴት ማለት ሲሆን፣ በጽርዑ ድንግል፣ በግእዙም ድንግል ተብላለች። በሰሜን ተራራ የተቀመጠው የቤተ እስራኤል ቄስና በደብረ ብርሃን ግቢ የተቀመጠው የንጉሡ ሊቅ ያንኑ ድንግል የሚለውን ቃል ያነብቡ ነበር። በአንድ ብራና ላይ ሁለት ሃይማኖት መቆሙ በዓለም ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚታይ አይደለም። እንዲህ በሆነ ጊዜ ቃሉ ተለውጧል ብሎ መካሰስ አይቻልም፤ የሚቻለው ለማን ተነገረ ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው።

እኛ በስደት የምንኖረው ግን ከዕብራይስጡ ጋር ፊት ለፊት ተገናኝተናል። ከዚህ ከአዲሰን ጥቂት ራቅ ብሎ በሰሜን ዳላስ ምኵራቦች አሉ። ቅዳሜ ጠዋት አባት ከልጆቹ ጋር በእግሩ ወደ ጸሎት ሲሄድ በመኪናችን አልፈነው እንሄዳለን፤ ቅዳሜን ለማስከበር አያቶቻችን የተሰደዱበትን እያሰብን ይሁን ሳናስብ እግዚአብሔር ያውቃል። ልጆቻችን በትምህርት ቤት ከልጆቻቸው ጋር ይቀመጣሉ። አንዲት የአጥቢያችን ልጅ የክፍል ጓደኛዋ ኢሳይያስ ድንግል አላለም ብላ እንደ ነገረቻት ለዚህ ጸሐፊ በነገረችው ጊዜ አንዳንድ ሰዎች አይሁድ ቃሉን ለውጠውት ነው ብለው ሊመልሱላት ቃጡ። ይህ መልስ አያዋጣም። በቁምራን የተገኘው የኢሳይያስ ጥቅልል ከክርስቶስ ልደት በፊት የተጻፈ ሲሆን በእርሱም ዐልማ የሚለው ቃል እንዳለ አለ፤ የለወጠው ሰው የለም። እውነተኛው መልስ የተሻለ ነው። ከክርስቶስ በፊት የነበሩት፣ ክርስቲያን ያልነበሩት፣ ራሳቸው አይሁድ የሆኑት ተርጓሚዎች ያንን ቃል በጽርዕ ድንግል ብለው ተርጕመውታል። ትሪፎን ለዮስጢኖስ እንደ መለሰው አይሁድ ልጁ የአካዝ ልጅ ሕዝቅያስ ነው ቢሉ ደግሞ ከምልክቱ አንዱ ወገን ለአካዝ ዘመን መሰጠቱን የእኛም አባቶች አልካዱም።

በዚህ ላይ የአንድምታ ሊቃውንቶቻችንን ማስታወስ ይገባል። ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በኋላ በጎንደር ዘመን እየተስፋፋ የመጣው የአንድምታ ትርጓሜ መዝሙረ ዳዊትን ሲያነብ አስቀድሞ ስለ ሕዝቅያስ፣ ስለ ዘሩባቤል፣ ስለ መቃብያን የተነገረ ነው ይልና ቀጥሎ አንድም ብሎ ወደ ክርስቶስ ያመጣዋል። የፊተኛውን ፍጻሜ ሳያጠፋ የኋለኛውን ይጨምርበታል። አይሁዳዊው ታሪክን ይዞ ቢመጣ አንድምታ ያውቃል የሚባለው ሰው አይደነግጥም፤ ራሱ አስቀድሞ ተናግሮታልና። መጽሐፈ ሚላድ ግን ይህ ትዕግሥት አይታይበትም። አንድ ትንቢት አንድ ፍጻሜ ብቻ አለው፤ እርሱም ክርስቶስ ነው፤ ይህን የማይቀበል ዐመፀኛ ነው ወደሚል ያደላል።

በያዕቆብ በረከት፣ በዘፍጥረት ምዕራፍ 49፣ በትረ መንግሥት ከይሁዳ አይወጣም የተባለው ለምሳሌ ሁለቱም ወገኖች የሚቀበሉት የመሲሕ ትንቢት ነው። የአይሁድ የአራማይክ ትርጉም የሆነው የዖንቅሎስ መጽሐፍም ስለ መሲሕ ነው ይላል። ልዩነቱ ትርጓሜ ላይ ሳይሆን በትሩ መቼ ወጣ በሚለው ላይ ነው። ክርስቲያኑ በሄሮድስ ዘመን መንግሥት ከይሁዳ ወጥቷልና መሲሑ በዚያን ጊዜ መጥቷል ይላል። እንዲህ ያለውን ነጥብ በተለይ የያዕቆብ ዘር ነኝ ለሚል፣ በትረ ይሁዳንም ራሱ ይዣለሁ ለሚል የኢትዮጵያ ንጉሥ ማስረዳት እንዴት እንደሚከብድ አስቡት። በትሩ ከይሁዳ ካልወጣ መሲሑ አልመጣም፤ ከወጣ ደግሞ የእኒህ ነገሥታት በትር ምንድር ነው? ክብረ ነገሥት ክብሩ ከእስራኤል ወደ ኢትዮጵያ ተሻገረ ብሎ መልስ አዘጋጅቶ ነበር።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ብዕር ነው። ንጉሡ ግን ሰይፍም ነበራቸው።

አይሁዳዊ የሚለው ስም በእርሳቸው መጻሕፍት የሚወድቀው በአብዛኛው በቤተ እስራኤል ላይ እንኳ አይደለም። ዘሚካኤል የተባለውና ተከታዮቹ እግዚአብሔር መልኩ የማይታወቅ ነው ብለው ስላስተማሩ ተወገዙ፤ ንጉሡ ሰው በእግዚአብሔር አርአያ ተፈጥሯልና መልክ አለው ባይ ነበሩ። የአባ እስጢፋኖስ ልጆች፣ የጉንዳ ጉንዴ መነኮሳት፣ በሥላሴ የሚያምኑ፣ በክርስቶስ የሚያምኑ፣ በምናኔ የከበሩ ሰዎች ነበሩ። ለሥዕልና ለመስቀል እንዲሁም ለንጉሥ አንሰግድም ስላሉ ተገረፉ፣ ተቈረጡ፣ በ1450ዎቹም በድንጋይ ተወገሩ። እነዚህም የማርያም ጠላቶች፣ አይሁድ ተባሉ። ነቢያት የተናገሩለት መሲሕ መጥቷል ብለው እንደ ንጉሡ አጥብቀው የሚያምኑ ሰዎች መሲሑን የካዱ ተብለው ሞቱ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ደቂቀ እስጢፋኖስ በሕግ አምላክ ብለው ገድላቸውን ወደ አማርኛ መልሰው ስላሳተሙልን ዛሬ የሁለተኛውን ወገን ድምፅ መስማት ችለናል። በቤተ ክርስቲያናችን ስለዚህ ጉዳይ መናገር የማይወዱ አሉ። እኔ ግን ንጉሡን ማክበር ይህን መሸሸግ አይመስለኝም።

ሕዝቡም በግንባሩ የሥላሴን ስም፣ በቀኝ ክንዱ ሰይጣንን መካዱን፣ በግራ ክንዱ የማርያም ባሪያ መሆኑን የሚናገር ጽሑፍ እንዲያስር ታዘዘ። ጣዖት አምላኪ ተብሎ የተከሰሰ ሁሉ ይመረመር ነበር። በዚህ ክስ የንጉሡ ወንዶችና ሴቶች ልጆች እንኳ ተገርፈው ከፊሎቹ ሞቱ። በ1462 የበእደ ማርያም እናት ጽዮን ሞገሳ ከተገረፈች በኋላ ዐረፈች። ዜና መዋዕላቸው ይህን ሁሉ ሳይሸሽግ ይናገራል። በዚያው ዜና መዋዕል የጸለምትና የሰሜን ሹማምንት ክርስትናን ትተው ወደ አይሁድ ሃይማኖት ገቡ ተብለው ተከሰዋል። ንጉሡ ክርክሩን በመጽሐፍ ረትቻለሁ ብለው በሚያስቡበት ወራት ሰዎች በተቃራኒው መንገድ ይሄዱ ነበር ማለት ነው።

ከእነዚህ ሁሉ የሚልቀው ቤተ እስራኤል በትውፊታቸው የጠበቁት ነገር ነው። አባ ሳብራ የተባለ ክርስቲያን መነኩሴ ወደ ቤተ እስራኤል ገብቶ ምንኵስናን አስተማራቸው። ከእርሱም ጋር ጸጋ አምላክ የሚባል መነኩሴ ነበረ፤ እርሱም የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ልጅ ነው፤ ከአባቱ ቤት ሸሽቶ የእነርሱን ሃይማኖት ተቀበለ ይላሉ። የቤተ እስራኤል መነኮሳት ሁለቱን እንደ አባቶቻቸው ሲያስቧቸው ኖረዋል። አባቱ መሲሑ ተወልዷል ብሎ በየወሩ በ29 ቀን ሲያከብር ልጁ ገና ይመጣል ብሎ በበአት ይጸልይ ነበር። በታሪክ ጸሐፊ ሚዛን ትውፊቱን መመዘን የሚቻል ቢሆንም፣ ልጆቹን በሃይማኖት ክስ ያስገረፈ አባት ልጁ ሸሸ ቢባል የሚያስደንቅ አይደለም። የቤተ እስራኤል ሕዝብ በ1984ና በ1985 በሱዳን በኩል፣ ቀጥሎም በግንቦት 1991 ከዐሥራ አራት ሺህ የሚበልጡት ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲሻገሩ ይህን ትውፊት ይዘውት ሄደዋል። በዚያም ዕብራይስጡን ከግእዙ ጋር አስተያይተው ለማንበብ ተገደዋል፤ በዚህ ረገድ በአዲሰን የምንገኘው እኛና በእስራኤል የሚገኙት እነርሱ አንድ ዓይነት ፈተና ደርሶብናል።

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በሰማይ ብርሃን ከታየ በኋላ ባቀኑት በደብረ ብርሃን ብዙ ዓመት ተቀመጡ። በዚያ ዘመን ነገሥታት ከድንኳን ወደ ድንኳን የሚዞሩ ስለ ነበሩ በአንድ ስፍራ መርጋታቸው አዲስ ነገር ነበር። መጻሕፍቱ ይጻፉ የነበረው፣ ካህናቱም ሌሊትና ቀን ይጸልዩ የነበረው በዚያ ግቢ ነው። በ1468 ዐረፉ። ዐፄ በእደ ማርያም በነገሡ ጊዜ የአባታቸውን ብዙ ጽኑ ትእዛዝ አላሉ፤ ሁለቱ ሰንበታት ግን እንደ ተወሰኑ ጸኑ፤ የእመቤታችን ሠላሳ ሦስት በዓላትም ጸኑ። ያለ እርሳቸው ዛሬ የምናከብረው የቀን መቍጠሪያ እንዲህ አይሆንም ነበር።

ዐፅማቸው በኋላ ወደ ጣና ሐይቅ ተወስዶ በደጋ እስጢፋኖስ ገዳም ዐርፏል። ገዳሙ ሴቶች የማይገቡበት ስለ ሆነ እኅቶቻችን ከታንኳ ሆነው ደሴቱን ከማየት በቀር ወደ ውስጥ አይዘልቁም። ወንድሞች ግን ወደ ሀገር ቤት ሲመለሱ ከባሕር ዳር በጀልባ ደርሰው፣ ሽቅብ በዛፍ ጥላ ሥር ወጥተው፣ መነኮሳቱን አስፈቅደው የያዕቆብ ዘር የተባሉትን ንጉሥ አስከሬን በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ማየት ይችላሉ።